500 ጂቢ ባዶ ቦታ፣ አንድ ሰርግ አያስገባም

ዘንድሮ የማንሰማው የለም። 500 ጂቢ የሚይዝ፣ ያውም ባዶ የሆነ ሃርድ ዲስክ 11 ጂቢ የሰርግ ቪዲዮ ሊጫንበት ሲል «ፋይሉ በዛብኝ» ብሎ መለሰው! መቶ ኩንታል የሚይዝ ጎተራ ገዝቶ፣ ከአራት ኪሎ የበለጠ ዱባ አይገባበትም እንደመባል ነው።

«ጋሼ፣ ፋት 32 ስለሆነ እኮ ነው» ይለኛል የእህቴ ልጅ፣ እኔ የማውቀው ነገር ይመስል። ነገሩ ሲጣራ፣ ፋት 32 ዲስኩ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት አሠራር ነው፤ የአንድን ፋይል መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። እዚያ ሊሰፍር የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ባይት ነው፤ 4 ጂቢ ሊሞላ አንዲት ባይት ሲቀረው። አንዲት ባይት! ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሻሻለው የዊንዶውስ 95 እትም ጋር ነው። ያኔ የብዙ ሰው ዲስክ ተጠቃሎ 4 ጂቢ ስለማይሞላ ማንም አልተቆጣም። ገደቡን ያነሳው ኤክስፋት የሚባል አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አለ። ታዲያ ዲስኩን የሸጠልኝ ባለሱቅ ምነው በአሮጌው አደረገው? «ሪሲቨሩ እንዲያነብልዎ ነው አባባ» ይላል። ሪሲቨሩን ማን በላያችን ሾመው?

መላው ደግሞ ከችግሩ ይብሳል፦ ሰርጉን መቆራረጥ። ሰቨን ዚፕ የሚባል ፕሮግራም 001፣ 002፣ 003 እያለ ይከፋፍለዋል። ሙሽራዋ የትኛው ቁራጭ ውስጥ እንደቀረች አንድዬ ይወቅ። እህቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታ 002ን ብትጫነው፣ ብትጫነው፣ ወይ ፍንክች! ሦስቱም አንድ ፎልደር ውስጥ ሆነው ኮምፒውተር ላይ ካልተገጣጠሙ ሙሽራም የለ፣ ሚዜም የለ። አንዱ ከጠፋማ ሰርጉ ቀረ በሉት። እዚያው ዲስኩ ላይ እንገጣጥመው እንዳይባል ደግሞ፣ የተገጣጠመው መልሶ 11 ጂቢ ሊሆን ነው፤ ያው ክልከላ ይጠብቀዋል። በእኛ ጊዜ የቪዲዮ ካሴት ሲያልቅ ያልቃል እንጂ፣ ቦታ ይዞ አይነፍግም ነበር።

እናንተ ባለሱቆች፣ ዲስኩን ከመሸጣችሁ በፊት ገዢው ምን ሊጭንበት እንደሆነ ጠይቁት። ገዢዎችም፣ ቴሌቪዥናችሁ ኤክስፋት የሚያነብ ከሆነ ዲስኩ ገና ባዶ ሳለ ፎርማት አስደርጉት፤ ከሞላ በኋላ ፎርማት ውስጡ ያለውን ጠራርጎ ነው የሚሄደው። ቪዲዮ ቤቶችም እባካችሁ፣ ሰርጉን ከመነሻው ከ4 ጂቢ በታች በሆኑ ክፍሎች አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱ ለብቻው እንዲከፈት ስጡን፦ ቤተ ክርስቲያኑን ለብቻ፣ አዳራሹን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ።