ይድረስ ለእታለም፦ ስለ ጉማሬው ወይም ስለ ድንጋዩ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ እታለም፤

ለእማዬ ስታነቢላት ስለ ብርዱና ስለ ቤት ኪራዩ የሚለውን ዝለዪው ልል ነበር፤ ግን ጭራሽ አልጻፍኩትም። የዛሬው ወሬዬ ስለ ጨርቅ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስፌት እማራለሁ። አትሳቂ። እዚህ አገር ቁርጥራጭ ጨርቅ ይገጣጥሙና መኻሉ ባዘቶ፣ ከሥሩ ገበር አድርገው፣ ሦስቱን አንድ ላይ ወግተው የሚሰፉት ብርድ ልብስ አለ። ኩዊልት ይሉታል። አንዳንዱ አይለበስም፤ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እማዬ ይህን ስትሰማ «አሜሪካ ድረስ ሄዶ ድሪቶ ይጥፋል?» ማለቷ አይቀርም። እንዲህ በያት፦ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁሮች መንደር አለ። ሴቶቹ ካለቀ የሥራ ሱሪ የጣፉት ድሪቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ተሰቀለ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አወጣው። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትል ጻፊልኝ።

ከክፍሉ ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። የስፌት መኪናው ላይ ስቀመጥ አሮጊቶቹ ሥራቸውን ትተው ያዩኛል። «በእኛ አገር ሸማኔውም ልብስ ሰፊውም ወንድ ነው፤ ገበያ በረንዳ ላይ ሲንጀር ሲረግጥ የሚውለው ሁሉ ባለ ፂም ነው» አልኳቸው። አንዷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ሴቶቹስ?» አለች። ጥጡን ይፈለቅቃሉ፣ ያባዝታሉ፣ ይፈትላሉ፣ ያደውራሉ፣ ከዚያ ለወንዱ ያቀብላሉ አልኳት። «እዚያም ያው ነው ማለት ነው» ብላ ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

መምህራችን እያንዳንዳችን ደስ ያለንን አንድ ጉዞ በጨርቅ እንድንሠራ አዘዘችን። አንዷ ፓሪስን፣ ሌላዋ የመርከብ ሽርሽሯን መረጠች። እኔ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ዘጌ የሄድንበትን መረጥኩ። እማዬ ከባሕር ዳር ጀልባው ከተነሣ ጀምሮ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጥላ ውዳሴ ማርያም ስትደግም፣ ጣናን ሳታይ ደርሳ ሳታይ የተመለሰችበትን። ከሁላችን ይበልጥ ስለ ጣና ውበት ስታወራ የምትውለውም እሷ ናት።

ጣጣው ከውሃው ጀመረ። ጨርቅ ቤት ገብቼ የሐይቅ ቀለም ብል ሻጯ ሰማያዊ በሰማያዊ ደረደረችልኝ። ጣና መቼ ነው ሰማያዊ የሆነው? ክረምት ጎርፉ ሲገባበት ቡናማ፣ በጋ ደግሞ አመድማ አረንጓዴ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ካኪ ገዛሁ። መምህሯ ካኪውን አይታ «በረሃ ነው?» አለችኝ። ውሃው ስላላማራት ዳር ዳሩን ሐምራዊ አበባ እንዳደርግበት መከረችኝ። አይሆንም! እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው የኖረውን እምቦጭ እኔ በመርፌ ልተክለው? ዘጌን ግን ማንም አልተከራከረኝም፤ በሬ ስለማይጠመድባት ቡናዋና ጫካዋ እስከ ውሃው አፋፍ ይወርዳል፣ አረንጓዴ ጨርቅ ደግሞ እዚህ እንደ ጉድ ነው።

ሐይቁ ላይ ለማስቀምጣት የደንገል ታንኳ ባለ መስመር ቡናማ አገኘሁ፤ ደንገሉን ቁርጥ። ይኼ ደንገል ከእኔ በፊት መሰደዱን ታውቂያለሽ? ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና ደንገል አስጭኖ፣ ግብፅ ፒራሚዶቹ ሥር ከቻድ ሐይቅ ባስመጣቸው ሰዎች «ራ» የምትባል ጀልባ አሠራ። ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ሲሻገር ማዶው ጥቂት ሲቀረው ተበታተነችበት። በዓመቱ በሁለተኛዋ ተሻገረ። እኔ ቪዛዬን ስጠብቅ ያን ደንገል ባውቀው ኖሮ ያጽናናኝ ነበር።

አሁን ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቢ። በጣና ገዳማት ብዙው ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው፤ ስለዚህ ጨርቅ በጨርቅ መሥራቴ ድፍረት አይደለም። እኔ የመረጥኩት በላዔ ሰብእን ነው። እግር አፉ ላይ ሰፋሁለት። እንደ አባቶቻችን ሠዓሊዎች ሥርዓት ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡ በጎን በአንድ ዓይን ነውና አንድ ቁልፍ ብቻ ተከልኩለት። መምህሯ አየችና «ሁለተኛው ቁልፍ ወድቆብሃል» አለች። ልመልስላት ስል አሮጊቶቹ ጠረጴዛ ሥር ገብተዋል፤ አንዷ ጉልበቷን የታመመች ናት፣ እሷም ገባች። ከሥር ሆና «ምንድን ነው የሚበላው?» አለችኝ። «ሰው» አልኩ። ፍለጋው ቆመ። 78 ሰው መብላቱን፣ በእመቤታችን ስም በሰጣት ጥርኝ ውሃ መዳኑን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር «ለልጆች ክፍል እንዳትሰጠው» የሚል ድምፅ መጣ።

እማዬ ነጠላ ስለተከናነበች ከዓይን ነፃ ወጥታለች። ያስቸገርሽኝ አንቺ ነሽ። ስንመለስ ካፒቴኑ በዓባይ መውጫ በኩል ሲያዞረን ጉማሬ አይቻለሁ። ጆሮውን ሲያራግፍ በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ። አንቺ እስከ ዛሬ «ድንጋይ ነው» ትያለሽ። ለዚህ ውሸትሽ በጎን በአንድ ቁልፍ ልሰፋሽ ቆርጬ ነበር፤ በኋላ የዚያን ቀን ዳቦሽን ያካፈልሽኝ ትዝ አለኝና ሁለት አደረግኩልሽ። አንዱ ትንሽ ከፍ ብሏል።

አሁን የጎደለኝ ገበሩ ነው። የእዚህ አገር ጨርቅ ተንሸራታች ነው፣ አልወደድኩትም። ቁም ሣጥን ውስጥ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ አንሶላ ነበረ፣ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳው፤ እሱን ላኪልኝ። ከእማዬ አሮጌ ቀሚስም ጥበቡን ቀደሽ ጨምሪ፤ እሷ ሳታይ። ለፋሲካ መጥታ የምትመለሰው ጎረቤታችን ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ አላት። አደራሽን በርበሬውን ለብቻ፣ ጨርቁን ለብቻ እሰሪው፤ ባለፈው ከሽሮው ጋር የላክሽው ሹራብ ሥራ ቦታ ሰውን ሁሉ አስነጥሷል።

ስለ ግራጫው ነገር ሐሳብሽን ከቀየርሽ ጻፊልኝ። ድንጋይ ነው ካልሽም የድንጋይ የሚሆን ጨርቅ መርጠሽ ላኪ። ጆሮውን ግን ቀድሜ ሰፍቼዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ