ከዚህ በላይ ምን እንቀንስ?

ነሐሴ ሲጋመስ ይጀምራል። ልጃገረዶቹ የሶለል ከበሯቸውን ገና ሳያስቀምጡ የምክሩ ዝናብ ይወርዳል። አዲሱን ዓመት ቀለል ባለ ኑሮ ተቀበሉት ይሉናል። ዕቃ ቀንሱ ይሉናል። ስልካችሁን አጥፍታችሁ ራሳችሁን አዳምጡ ይሉናል። በእግር ሂዱ፣ የአካባቢያችሁን ምግብ ብሉ፣ ስለ ነገ አትጨነቁ ይሉናል። መካሪው ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ፣ ከኋላው ነጭ ግድግዳና አንዲት አበባ አድርጎ ነው የሚናገረው። ድምፁ የሰከነ ነው። መብራት የማይጠፋበት ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

እኛ ይህን የምንሰማው ሮቢት ሆነን ነው፤ እሱም ኔትወርኩ ደስ ሲለው። ሮቢት ስል ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ የምትገኘውን የራያዋን ማለቴ ነው፤ የተላከላት ዕቃ በስም ስሕተት ሸዋ ሮቢት ወርዶ የሚቀርባትን። ሰምተን እርስ በርስ እንተያያለን። ምክሩ ጥሩ ነው፤ የዘገየ መሆኑ ነው እንጂ። የሚቀነሰው ሁሉ ከተቀነሰ ቆየ።

ከስልኩ እንጀምር። 2013 ሲያልቅ ጦርነቱ እኛው አገር ነበር፤ ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንክ የለም። 2014 ሲያልቅ፣ ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ጦርነቱ ተመልሶ ቆቦ ገባ፤ አሁንም ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንክ የለም። 2015 ሲያልቅ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም አብሮ ተዘግቶ ለወራት ሳይመለስ ቀረ። ሦስት እንቁጣጣሽ በተከታታይ! ስለ ሞቱብን ሰዎች ቀልድ የለኝም፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ነው። እኔ የማወራው ስለ ስልኩ ብቻ ነው። ፈረንጅ ገንዘብ ከፍሎ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ተራራ ወጥቶ የሚፈልገውን ዝምታ እኛ ደጃችን ድረስ አምጥተውልናል። ራሳችሁን አዳምጡ አላችሁን? አዳመጥን። ራሳችን ሌት ተቀን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ልጅ ደህና ይሆን?

ዕቃ መቀነሱም እንዲሁ ነው። ማሪ ኮንዶ የምትባል ጃፓናዊት አለች፤ የቤታችሁን ዕቃ አንድ በአንድ በእጃችሁ እያነሳችሁ ደስታ የሚሰጣችሁን አስቀሩ፣ የቀረውን አስወጡ ብላ መጽሐፏ ዓለምን አዳርሷል። እኛ ጋ መረጣውን የሠሩልን ሌሎች ናቸው። ደስታ የሚሰጠውን ወስደው የማይሰጠውን ትተውልናል። ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ ሪሞቱ ቀረ። አሁን ከቤታችሁ የሚጣል ነገር ፈልጉ ብንባል ዓይናችን የሚያርፈው ቢጫ ጀሪካን ላይ ነው። ውሃው መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሰፈር ጀሪካን የሚጥል ሰው ደግሞ ጤናው ይጠየቃል።

በእግር መሄዱንስ ማን ከልክሎን? ማደያው ቤንዚን የለም ይላል። ከማደያው ማዶ፣ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠው ልጅ ግን በሃይላንድ ሞልቶ ደርድሮታል። የለም የተባለው ቤንዚን አስፋልቱን ሲሻገር ይኖራል፤ ዋጋውም አብሮት ይሻገራል። ባለባጃጁ ከዚያ ይቀዳል፣ የዕለቱን ታሪፍ ይነግረናል፣ እኛም ሰምተን በእግራችን እንሄዳለን። መንገድ የተዘጋ ቀንማ ባጃጅ ያለውም የሌለውም እኩል ነው። ባቡሩን ተዉት። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ በ2007 ዓ.ም. መሠራት ሲጀምር የተወለደ ልጅ ዛሬ ከእኛ ጎን ለጎን በእግሩ ይሄዳል።

የአካባቢያችንን ምግብ ለመብላትም እሺ ብለን ነበር። የእኛ ምግብ ማሽላ ነው። እነ ደገለት በሚያዝያ ዝናብ ተዘርተው ዓመቱ ሲለወጥ ከሰው ቁመት በላይ ይቆማሉ። የሚያዝያው ዝናብ ሲቀር ቶሎ የሚደርስ ፈልገን በሐምሌ እንዘራለን፤ እሱንም አቀንጭራ ከሥሩ ይመጠዋል። በጥቅምት 2013 ልንሰበስብ ስንል አንበጣው ቀድሞን በላው፤ እሱም የአካባቢ ምግብ ብሉ የሚለውን ምክር ሳይሰማ አልቀረም። ጎርፉ ከደጋው ሲወርድ ጠልፈን ወደ ማሳችን እንመራዋለን፤ ሲበዛ ደግሞ እሱ እኛን ይመራናል። ከመሬት በታች ውሃ ሞልቷል፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ ፓምፕ ተተክሏል። ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው። የመብራቱን ነገር ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ግን ያ ስለ ነገ አትጨነቁ የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ ተባለ። ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከመካከላችን ዶላር በእጁ የነካ ስንት ሰው አለ? ሆኖም ከዚያ ወዲህ ዘይት ልንገዛ ሱቅ ስንገባ ባለሱቁ ስለ ዶላር ያስተምረናል። ስኳር ስንጠይቅ ስለ ዶላር ያስተምረናል። ሽንኩርት ስንጠይቅ፣ ያውም እዚሁ ጎሊና ወንዝ ዳር የበቀለ ሽንኩርት፣ ስለ ዶላር ያስተምረናል። ትምህርቱ በነፃ ነው። ሽንኩርቱ ነው የተወደደው።

እሺ፣ መብራቱ ተቀነሰ፣ መንገዱ ተቀነሰ፣ ዘይቱ ተቀነሰ። ያልተቀነሰውን ደግሞ ልንገራችሁ።

ወረቀት አልተቀነሰም። ለአንዲት ጉዳይ ኮፒ አምጡ እንባላለን፤ ኮፒ ቤቱ መብራት ይጠብቃል። መብራት መጥቶ ኮፒውን ይዘን ስንሄድ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ኃላፊው ሲመለሱ ኮፒያችን ጊዜው አልፎበታል፣ ሌላ አምጡ። ያን ሁሉ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ትንፋሻችንን እየቆጠርን እንቀመጣለን፤ ይህን የመሰለ ተመስጦ የትም አይገኝም። መዋጮም አልተቀነሰም። የሚሰበስበው ሰው ከየት እንደሚመጣ አናውቅም፣ ደረሰኙ ግን ሁልጊዜ በእጁ ነው። ስብሰባም አልተቀነሰም። ጳጉሜን እንኳ፣ ልጆች በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ላይ ራቁታቸውን የሚቦርቁባት፣ ዓመቱ ትንፋሹን የሚስብባት ያቺ የአምስት ቀን ወር፣ አሁን የኅብር ቀን፣ የነገ ቀን እየተባለ ለየቀኗ ስም ወጥቶላታል። ስም ያለው ቀን ደግሞ ስብሰባ አያጣም።

ድግሱማ ጭራሽ ጨመረ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከመዋለ ሕፃናት «ተመረቀ» ተብሎ በራያ ሙቀት ጥቁር ጋዋን ይለብሳል፣ ባለዘርፉን ቆብ ይደፋል። ለጋዋኑ ኪራይ ይከፈላል፣ ለፎቶው ይከፈላል፣ ለኬኩ ይከፈላል። ልጁ በላብ ተጠምቆ፣ ሲያለቅስ ፎቶው ላይ ይወጣል። ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መስከረም ላይ ያው ተመራቂ አንደኛ ክፍል ሲገባ የደብተር መግዣ የለም፤ ገንዘቡ ግድግዳው ላይ ነው።

ሰርጉ ገና በጥር ነው፤ ወሬው ግን ከአሁኑ ተጀምሯል። ድሮ ዳሱን የሚጥለው ጎረቤት ነበር፣ ጠላውም የሚጠመቀው በጎረቤት ጋን ነበር። አሁን ድንኳን ይከራያል፤ አንዱ አይበቃም። ዲኮር አለ፤ ዲኮሩን የሚሠራው ሰው ከደሴ ይመጣል። ሳውንድ ሲስተም አለ፤ ሳውንድ ሲስተሙ መብራት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጄኔሬተር አለ፤ ጄኔሬተሩ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ያ ከማደያው ማዶ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ልጅ የሰርጉ የክብር እንግዳ ነው። እኛ የተጠራነው ፖስታ ይዘን እንሄዳለን። በሩ ላይ ደብተር የያዘ ሰው ተቀምጦ የፖስታውን ሆድ ከፍቶ ይመዘግባል። ትንሽ ያስገባ በሚቀጥለው ሰርጉ ትንሽ ያገኛል፤ ብዙ ያስገባ እስከዚያው ይበደራል። ሙሽራው የጫጉላው ጊዜ ሳያልቅ ዕዳውን በምን እንደሚከፍል ማሰላሰል ይጀምራል፤ ማሰላሰሉም አብዛኛውን ጊዜ ሳዑዲ የሚያደርሰውን መንገድ በመጠየቅ ያበቃል። ደጋሹን ብትጠይቁት አልፈለገም። ሚስቱን ብትጠይቁ አልፈለገችም። ሙሽሮቹም አልፈለጉም። ሁሉም ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ያ «ሰው» የተባለው እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ ፖስታውን ከየት እንሙላው ብለን እንቅልፍ አጥተን ነው የሰነበትነው። ተዝካሩም ሰደቃውም ወደዚያው እየሄደ ነው፤ ለቅሶ ቤት የሚቀርበውን የታሸገ ውሃ ስናይ ሟቹ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ውሃ ጠጥቶ ያውቅ ይሆን እንላለን።

እንግዲህ ለጥር ያሰባችሁ እናቶችና አባቶች፣ ካርዱ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ስሙን። መብራቱን ማምጣት በእጃችን አይደለም፤ ድንኳኑ ግን በእጃችን ነው። አንዱ ይበቃናል። ከበሮ አለን፣ ጄኔሬተር አይፈልግም። ጠላውን ጎረቤት ይጥመቀው፣ እኛም ጋን ተሸክመን እንመጣለን። ደብተር የያዘውን ሰውዬ ከበሩ ላይ አንሡልንና ከእኛ ጋር ተቀምጦ ይብላ። ሰው ያማናል ብላችሁ እንደሆነ አትስጉ፤ በሦስት ድንኳንም፣ በዲኮርም፣ በጄኔሬተርም ስናማችሁ ነው የኖርነው።