የባለ ስምንት ቦታውን ወረፋ ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የምትሮጥ ትሬድ ሁሉ አድምጥ፤ ተኝተህ የምትጠብቀውም ስትነቃ ይነገርህ!

ዕቃ አምራቹና ተረካቢው ትሬድ በአንድ ሜሞሪ ላይ እየተጋፉ፣ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው እየደፋበት በመቸገራቸው፤

ጥፋቱም በፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ላይ ሲፈለግ ድራሹ ጠፍቶ በደመወዝ ሰሞን ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ብቻ ብቅ የሚል በመሆኑ፤

ከዚህ በታች የተዘረዘረውን ደንብ ሁሉ አሟልቶ የያዘ አሬይ ብሎኪንግ ኪው የሚባል ወረፋ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በጃቫ 5 ውስጥ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲባል ወረፋ በየነጭ ሰሌዳው በእጅ መጻፉ ያልቀረ በመሆኑ፤

የወረፋው ጠባቂ የሆንነው እኛ ቁልፍ በተሰጠን ሥልጣን መሠረት የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 0፤ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ “የባለ ስምንት ቦታ ወረፋ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። አንቀጹ ለምን ከ1 አልጀመረም የሚል አቤቱታ የሚታየው አቤት ባዩ አሬይ አይቶ የማያውቅ ከሆነ ብቻ ነው።

አንቀጽ 1፤ የግዛቱ ወሰን
ወረፋው ከ0 እስከ 7 ስምንት ቦታ አለው። ጭራው 7ን ሲያልፍ ወደ 0 ይዞራል እንጂ ዘጠነኛ ቦታ አይለመንም። “ገደብ ይነሣልን” የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ሊንክድ ብሎኪንግ ኪው የሚባለው ዘመዳችን መጠኑን ካልነገሩት እስከ 2,147,483,647 ዕቃ እቀበላለሁ ይላል። ሜሞሪው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ቀድሞ ያልቃል፤ ፕሮግራሙም ከነዕቃው ይወድቃል። “ሞልቷል፣ ጠብቅ” ማለት ነውር የለበትም። ነውሩ “ግቡ፣ ቦታ አለ” እያሉ ቤቱን በእንግዳው ላይ መናድ ነው።

አንቀጽ 2፤ ስለ ቁልፍ
ቁልፉ አንድ ነው። ሳይዘው ወረፋውን የነካ፣ “ቁጥሩን ብቻ ልይ” ብሎም ቢሆን፣ ሕግ ጥሷል። ቆጣሪ ላይ አንድ መጨመር በኮዱ ላይ ግማሽ መስመር ይምሰል እንጂ ማንበብ፣ መደመርና መልሶ መጻፍ የሚባሉ ሦስት ሥራዎች አሉበት። እንዲህም ሆኖ ያውቃል፦ ወረፋው ሰባት ዕቃ ይዟል። ሁለት አምራቾች ያለ ቁልፍ ገቡ። አንደኛው ቆጣሪውን 7 ሲል አነበበ፤ ሁለተኛውም 7 ሲል አነበበ። ሁለቱም የቀረችውን አንዲት ቦታ አይተው ዕቃቸውን እዚያው ላይ አስቀመጡ፤ ሁለቱም 8 ብለው ጻፉ። መዝገቡ ሲመረመር ንጹሕ ነው፤ ስምንት ቦታ፣ ስምንት ዕቃ። ከሥር የተቀበረው የደንበኛ ትእዛዝ ግን የገባበት አልታወቀም።

ቁልፍ የያዘ ሥራው ቢበላሽበትም ሳይመልስ አይወጣም፤ መመለሻው በፋይናሊ ውስጥ ይጻፍ። ቁልፍ ይዞ ዳታቤዝ መጥራት ክልክል ነው። ቁልፍ ይዞ ማንቀላፋትማ ስሙም አይነሣ።

አንቀጽ 3፤ ስለ መጠበቂያ ክፍሎች
የሚጠብቅ ትሬድ ቁልፉን በር ላይ አስረክቦ ይተኛል። “ሞላ ወይ? ሞላ ወይ?” እያለ ሲፒዩ የሚፈጅ አይታገሥም። ክፍሎቹም ሁለት ናቸው፤ በአንዱ “ቦታ ይለቀቅ” የሚሉ አምራቾች፣ በሌላው “ዕቃ ይምጣ” የሚሉ ተረካቢዎች ያድራሉ። ሁሉንም በአንድ ክፍል አጉሮ አንዱን ብቻ መቀስቀስ ያመጣውን ጣጣ አይተናል። አምራች መጠራት ሲገባው ተረካቢ ተጠራ፤ ተረካቢውም ባዶ ወረፋ አይቶ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ ወዲያ የሚቀሰቅስም የሚነቃም ጠፋ።

አንቀጽ 4፤ ስለ ተሻሩ ሕጎች
ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ሥርዓት የተቀሰቀሰ ጠባቂ ቁልፉን ከቀስቃሹ እጅ በቀጥታ ይረከብ ስለነበር አንዴ “ኢፍ” ብሎ መጠየቅ ይበቃው ነበር። ያ ክብር ቀርቷል። ላምፕሰንና ሬደል ከሜሳ ቋንቋ ያገኙትን ልምድ እ.ኤ.አ. በ1980 አሳትመዋል፤ በዚያ ሥርዓት መቀስቀስ ጥቆማ ብቻ ነው፣ ጃቫም የምትተዳደረው በዚሁ ነው። ዕቃ መጣ የተባለው ተረካቢ ዓይኑን እያሻሸ ቁልፍ ጋ እስኪደርስ፣ ከውጭ የገባ ሌላ ተረካቢ አንሥቶት ሊሄድ ይችላል። ማንም ሳይጠራው የሚባንን ትሬድም አለ፤ የጃቫ መመሪያ ራሱ ይህን አይክድም። ስለዚህ “ኢፍ” ተሽሮ “ዋይል” ተተክቷል፤ የነቃ ሁሉ እንደገና አይቶ ይግባ። በ“ኢፍ” ዘመኔን ሁሉ ኖሬ ምንም አልነካኝም የሚል ካለ ዕድሉን ያመስግን።

አንቀጽ 5፤ ስለ ተራ
ተራ የሚከበረው ለዕቃ ነው። በር ላይ ለቆመ ትሬድ ቃል አልገባንም፤ ቀድሞ የመጣ ኋላ ሊገባ ይችላል። ቅር ያለው ወረፋው ሲፈጠር “ፌር” የሚለውን ትሩ ያድርግ፤ ተራውን ያገኛል፣ በፍጥነቱ ይከፍላል። ወረፋ የተባለ መሥሪያ ቤት የገዛ ሰልፈኞቹን በወረፋ አለማስተናገዱ እኛንም ያሳፍረናል።

አንቀጽ 6፤ ስለ ናል
አይገባም። “ፖል” ብሎ የመጣ ተረካቢ ባዶ ወረፋ ሲያገኝ የሚሰጠው መልስ ናል ስለሆነ፣ ዕቃውም ናል ከሆነ በምን ይለየዋል?

አንቀጽ 7፤ ስለ ችኩሎች
“ፑት” ያለ ቦታ እስኪገኝ ይጠብቃል። “ኦፈር” ያለ ቦታ ካጣ ፎልስ ተሰጥቶት ወዲያው ይሸኛል፤ የሚጠብቅበትን ጊዜ ቆርጦ የመጣ ደግሞ ጊዜው እስኪያልቅ ይታገሣል። ፎልሱን ሳያነብ ኪሱ ከትቶ የሄደ ፕሮግራመር “ወረፋው ዕቃዬን በላው” ብሎ መክሰስ አይችልም።

አንቀጽ 8፤ ስለ ቅጣት
የአዋጁ ስምንት ቦታዎች በመያዛቸው ይህ አንቀጽ በአምራቾች መጠበቂያ ክፍል ተኝቷል። የሚገባው ከፊት ያለው ሲነሣ ነው። ከፊት ያለው አንቀጽ 0 ስለሆነ ቅጣቱ በሥራ ላይ ሲውል አዋጁ ስም አይኖረውም።