የሆድ ሊቃውንት

አንዲት ሴት ነፍሰ ጡር መሆኗ በታወቀ ማግስት ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ይሆናል። የዕድር ጓደኛዋ፣ የጉሊት ደንበኛዋ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡት እናት ሳይቀሩ ሆዷን አንዴ አየት አድርገው ብይን ይሰጣሉ። ሆዱ ሹል ከሆነ ወንድ፣ ወደ ጎን ከሰፋ ሴት። ፊቷ ማድያት ካወጣ ሴት፣ ከወዛ ወንድ። ጎረቤቷ ደግሞ የዚህን ግልባጭ በሙሉ ልብ ትነግራታለች። ሁለቱም ከሁለት አንዱን ጊዜ ማግኘታቸው ስለማይቀር የሙያ ክብራቸው አይነካም። ከሳቱም "ሆዷ ኋላ ተለወጠ እንጂ መጀመሪያማ ልክ ነበርኩ" ይባላል።

የሚገርመው፣ ይህ ጉዳይ ገና በተፀነሰበት ሰዓት ውሳኔ ያገኘ መሆኑ ነው። የእናት እንቁላል የሚያዋጣው ሁልጊዜ ኤክስን ነው፤ ኤክስ ወይም ዋይ ይዞ የሚመጣው የአባት ዘር ነው። "ሴት ብቻ ነው የምትወልደው" እየተባለች በአማቷ ፊት አንገቷን ደፍታ የኖረች ስንት ሴት አለች! ክሱ ወደ ትክክለኛው ተከሳሽ ቢዞር ነፃ በወጣች ነበር። ተከሳሹ ግን ግሮሰሪ ተቀምጦ "ዘንድሮስ ወንድ ካልሆነ..." እያለ ይዝታል።

እኛ ስንወራረድ ፅንሱ ሥራ ላይ ነው፤ ቀጠሮም አያዛንፍም። ከመጨረሻው የወር አበባ ሲቆጠር በ6ኛው ሳምንት ገደማ ልቡ መምታት ይጀምራል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦም በዚያው ሰሞን ገጥሞ ይዘጋል። በ10ኛው ሳምንት የዋና ዋናዎቹ የአካል ክፍሎች መሠረት ተጥሏል። በ12ኛው ሳምንት ቁመቱ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ጣቶቹ ተለያይተዋል፣ ይንፈራገጣል። እናቱ እንቅስቃሴውን የምታውቀው ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሠራ እኛ ምስጢር ጠባቂዎች ነን። "ሦስት ወር ሳይሞላ አይወራም፤ ዓይን አለ።" ከሰው ዓይን መሸሸጉስ ባልከፋ፣ ከአዋላጅ ነርሷም ይሸሸጋል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትትል በ12 ሳምንት ውስጥ ይሁን ይላል። ያ ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ የሚያግዘው ፎሊክ አሲድ እንዲያውም ከእርግዝናው በፊት መጀመር አለበት። ሆዷ ገፋ ብሎ አላስደብቅ ሲላት፣ በአምስተኛ ወሯ ጤና ጣቢያ የምትደርስ እናት ክኒኑን ስትቀበል ቱቦው ከተዘጋ ሦስት ወር አልፎታል። ለደሟ ይጠቅማታልና ትዋጠው፤ ለቱቦው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንድ ጊዜ 20 ሳምንት የሞላትን ዘመዴን አጅቤ አልትራሳውንድ ክፍል ገብቼ ነበር። ሐኪሙ ሆዷን ጄል ቀብቶ የልጁን ጭንቅላት ለካ፣ የጭኑን አጥንት ለካ፣ የልቡን አራት ክፍሎች አየ፣ የእንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ ፈለገ። አማትየዋ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቆይተው ድንገት "ይኸው! ይኸው ወንዱ!" ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሐኪሙ ዘወር እንኳ ሳይል "እማማ፣ እሱ እትብቱ ነው" አላቸው። እልልታው መሀል ላይ ቆመ። ቀጥሎ "ልቡ ደህና ነው፤ ዕድገቱም ጥሩ ነው" ሲል፣ "እሱስ ተመስገን፤ ግን ምንድን ነው?" አሉ። የዘመኑ ልጆች በእሳቸው እንዳይስቁ፤ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ኬክ ተቆርጦ ውስጡ ሰማያዊ ነው ሮዝ ተብሎ የሚጮኸው ለዚችው ጥያቄ ነው።

ምግቡ ላይም ሊቃውንቱ አይስማሙም። አንዷ "ሁለት ነፍስ ነሽ፣ ብዪ" ትላለች፤ ሌላዋ "ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይከብድሻል፣ ቀንሺ" ትላለች። በብዙ አካባቢ ወተትና እርጎ "ልጁ ላይ ይለጠፋል" ተብለው ይከለከላሉ። ማስረጃ አይጠፋም፤ ልጁ ሲወለድ ገላው ላይ አይብ የመሰለ ነጭ ነገር አለ። "አላልኩም?" ይባላል። ወተት በአፏ ያልዞረ እናት ልጅም ያንኑ ተቀብቶ እንደሚወለድ ልብ የሚል የለም። ነገሩ ልጁ ራሱ ከቆዳው ዕጢዎች ያመነጨው ቅባት ነው፤ በሽርት ውሃ ውስጥ ሲከርም ቆዳውን ይጠብቅለታል። እናት የበላችው ወደ ማህፀን አይወርድም። የሚሻገረው በደም ነው፣ በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል። በዚያ መንገድ ከልካይ ሳይኖርበት የሚያልፈው ደግሞ አልኮል ነው። "አንድ ብርጭቆ ጠላ ምን ታደርጋለች?" ብለው የሚቀዱላት ግን እነዚያው ወተት የከለከሏት ናቸው።

የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ሒሳቡ ይጀመራል። ሽማግሌው ከጌታ ፅንሰት ከመጋቢት 29 እስከ ልደቱ እስከ ታኅሣሥ 29 ቆጥረው "ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው" ይላሉ። አዋላጅ ነርሷ ከመጨረሻው የወር አበባ 280 ቀን ለማግኘት ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ትደምራለች፤ ጳጉሜን መሀል ከገባች 5 ቀን ብቻ። መነሻቸው ለየቅል ነው፤ አንደኛው ከፅንሰቱ፣ ሌላዋ ከወር አበባው ነው የተነሱት። በተቀጠረለት ቀን ቁጭ ብሎ የሚወለድ ልጅ ግን ጥቂት ነው፤ ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ጊዜው ነው። ይህን ለስልክ ደዋይ ማን ያስረዳ? ቀኑ በዋለ በማግስቱ "እስካሁን አልወለድሽም?" የሚለው ጥሪ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ለጥቆም "ምን ነበር ያሉሽ፣ ወንድ ነው ሴት?" ይመጣል። "ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽን ብዥ ይልሻል? ልጁ እንደ ወትሮው ይንቀሳቀሳል?" ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። መቼም በመልሱ መወራረድ ስለማይቻል ይሆናል።