ጎማዋን ማን ነቀላት?

ሰው ሲሠራ ቆሞ ማየት የቆየ ሱሴ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪም ቢሆን፣ ጎማ ለጣፊም ቢሆን ዝም ብዬ አላልፍም። የእናቴን የዋንዛ ጠረጴዛ ወደ ሰፈራችን እንጨት ቤት ያስጫንኩ ዕለትም ባለሙያው «ጋሼ፣ ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ አዲስ ሆኖ ያገኙታል» ቢለኝ፣ ሻዩን ትቼ እዚያው ተገተርኩ።

መጀመሪያ ያነሳት በአንድ እጅ የምትያዘውን ክብ የእንጨት ማለስለሻ፣ ሳንደሯን ነው። ላያት ሰው ዝም ብላ የምትሽከረከር ትመስላለች፤ ውስጧ ግን ሌላ ነው። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ፣ ከመሐሉ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የተተከለ ኩሽኔታ አለ። ብርጭቆ ወረቀቱ የሚለጠፍበት ሰሌዳ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ሲዞር ሰሌዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ በምትሰፋ ክብ ውስጥ ይወዛወዛል፤ በደቂቃ እስከ 12,000 ጊዜ ያህል። ውዝዋዜው እጅ እንዳያንዘፈዝፍ በተቃራኒው ወገን ሚዛን የሚጠብቅ ብረት አለ። ሰሌዳው በራሱ ዙሪያ እንዲዞር ግን በጥርስ የያዘው የለም፤ የኩሽኔታው ሰበቃ ነው እየጎተተ የሚያዞረው። ሁለቱ እንቅስቃሴ ሲደባለቅ አንዷ የብርጭቆ ወረቀት ቅንጣት የሄደችበትን መንገድ ስለማትደግም ጭረቱ ለዓይን አይታይም።

ጣጣው ሳንደሯ ከእንጨቱ ላይ ስትነሳ ይመጣል። የሚይዘው ሲያጣ ሰሌዳው የሞተሩን ፍጥነት እስኪያክል ይከንፋል። ለዚህ ሲባል ከሰሌዳው ጀርባ የምትታከክ የጎማ ቀለበት ትደረግለታለች፤ ፍሬኑ እሷ ናት። በዚህችኛዋ ሳንደር ላይ ግን የለችም።

«ጎማዋን ማን ነቀላት?» አልኩት።

«ተበልታ ስትጮህብኝ እኔው ጣልኳት። ጎማ እኮ ናት!»

ይህን እያለ የምትከንፈውን ሳንደር ዋንዛው ላይ አሳረፋት። የግማሽ ክብ ጭረት ከዳር እስከ ዳር ተደረደረ። የማለስለሻ ማሽን ብልሃቱ ከጉልበቱ ይልቅ በልጓሙ መሆኑን ያኔ አየሁ።

«አይዞዎት» ብሎ ባለቺንጋውን ሳንደር አወጣ። ይኼኛው ሁለት ሩሎ አለው፦ የኋላውን ሞተሩ ያዞረዋል፤ የፊተኛው በስፕሪንግ እየተገፋ ቺንጋውን ይወጥራል። እዚህም ልጓም አለ። ሩሎው አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ላይ በትንሹ ያበጠ ነው፤ የተወጠረ ቺንጋ ወደ ወፈረው በኩል ስለሚሳብ በዚያው ከመስመሩ አይወጣም። የቀረውን ከጎን ያለችው ማስተካከያ የፊቱን ሩሎ በትንሹ አዘንብላ ታቃናዋለች። ሰውዬው ግን ሊጠነቀቅለት የሚገባ ሌላ ነገር አለ፦ ቺንጋው ከሥር ወደ ሠራተኛው ስለሚሮጥ ማሽኑ ራሱ ወደፊት ይጎትታል።

ቁልፉን ሲጫነው ገመድ እንደበጠሰ ጥጃ ጠረጴዛውን አቋርጦ ሄደ፤ በሄደበትም ቦይ ቀደደ። ቦዩን ለማጥፋት ዙሪያው ተላገ፤ ዙሪያው ሲስተካከል ሌላ ቦይ ወጣ። ወለሉ ላይ ያለው ብናኝ ሲወፍር ጠረጴዛው ሳሳ።

«ኧረ እንጨቱ አለቀ!» ብዬ ጮህኩ።

ማሽኑን አጠፋና ጠረጴዛውን በአንድ ጎኑ ብድግ አደረገው። «ምን ያስቆጣዎታል ጋሼ? ቀለለልዎት እኮ! የጫኝ ሒሳብ ይቀንስልዎታል።»

ጫኞቹ መጡ። ጠረጴዛውን ዘወር ብለው ሳያዩት፣ የእኔን ፊት አይተው ዋጋ ቆረጡ።