መብራት ሲጠፋ የሚድን ሕመም

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር የጎረቤቴ ልጅ ለመመረቂያው በሲ ቋንቋ የራሱን ሼል ጻፈ፤ ትእዛዝ ተቀብሎ ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስነሳ ማለት ነው። ሼሉ ግን ክፉ አመል ነበረበት። ከኪቦርድ የሚያነብ ፕሮግራም ሲያስነሳ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ «ቆሟል» ብሎ ይገተራል።

«ጋሼ፣ እኛ ቤት እንቢ ይላል፣ እርስዎ ፊት ጨዋ ይሆናል» አለኝ ተናዶ።

እኔ ቤት መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራ እንደነበር ማናችን ልብ አልን! ባትሪው ሲዳከም ሶኬት ፍለጋ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን ዳገት ተያያዝነው። ባህር ዛፉ ሥር ጭራሮ የተሸከሙ እናት አቀርቅረን ላፕቶፕ ላይ ስንጨቃጨቅ አይተው «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» አሉ። «ፕሮሰስ» አላቸው። «ታዲያ ፖሊስ ጣቢያ አታመለክቱም?»

ሻይ ቤት ገብተን ቻርጀሩን ሰካን፤ ሼሉ ተገተረ። ነቀልነው፤ ዳነ። ምን እንደሚሆን ለማየት አንድ የማተሚያ መስመር ስናስገባማ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ሕመሙ ተሰወረ። ማተሙ ሼሉን ያዘገየዋልና ይኼኔ ነገሩ የፍጥነት መሆኑ ገባን።

«ቆሟል» የሚያሰኘው አሠራር፣ ሥራን በኮንትሮልና ዜድ ማቆምና በኋላ መቀስቀስ፣ ጂም ኩልፕ ኦስትሪያ፣ ላክሰንበርግ ባለ የምርምር ተቋም ሳለ የጀመረው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በርክሌይ ዩኒክስ ከተባለው ሥርዓተ ክወና ጋር ወጣ። በዚህ አሠራር ሼሉ ልጅ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ይወልዳል፣ ልጁ የራሱን ቡድን ያቋቁማል፣ ሼሉ ተርሚናሉን ለዚያ ቡድን ያስረክባል። የኛው ሼል ቡድን የማቋቋሙን ሥራ ለልጁ ብቻ ትቶት ነበር። ማሽኑ ቻርጀር ላይ ሲሆን ወላጁ ይቀድማል፤ የሌለ ቡድን ፍለጋ ይሄዳል፤ መታወቂያ ላላወጣ ሰው ካርታ እንደማዞር ነው። ርክክቡ ይከሽፋል። ልጁ ዘግይቶ ቡድኑን አቋቁሞ ኪቦርዱን ሲነካ፣ የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል «አንተ የኋላ ነህ» ብሎ የማቆሚያ ሲግናል ይልክበታል። በባትሪ ማሽኑ ረጋ ሲል ደግሞ ልጁ ይቀድማል። ከርነሉ ማን እንደሚቀድም ለማንም ቃል አልገባም፤ አንዳንድ መምህራን ይህን ሳያነሱ ማለፋቸው ይገርመኛል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ ወላጁም ልጁም ያንኑ ቡድን ያቋቁሙ፣ የቀደመው ይሥራው። ጻፈው፣ ቻርጀሩን ሰካ፣ ደጋግሞ አስነሳ። አልቆመም።

የሻይ ቤቱ ባለቤት እስከዚያ ታግሣን ነበር። «ጨረሳችሁ? እንግዲያው ሶኬቱን ልቀቁልኝ፣ ማቀዝቀዣዬ ሞቀ።»