በአገጭ ላይ ስለሚለጠፈው ሶፍትና ስለ ባለቤቱ

ስለ ዋልያ ተጽፏል። የጭላዳ ማዛጋት ሳይቀር ተጠንቷል። ቤቱ የሚላጨው ወንድ ግን ማለዳ ማለዳ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ፣ ጉንጩን በአየር ነፍቶ ከመስታወት ጋር ሲፋጠጥ፣ በር ላይ ተሰልፈው ከሚጠብቁት ቤተሰቦቹ በቀር ያጠናው የለም። እነሱም የጥናታቸውን ውጤት የሚያቀርቡት በሩን በመደብደብ ነው።

ፍጥረቱ የቅርብ ጊዜ ነው። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ስለት ሠሪ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ራሱን መላጨት እንዴት እንደሚማር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ ጉዳዩ ከጥንቱም በአንድ ገጽ የሚያልቅ አልነበረም ማለት ነው። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት በሁለት ጎኑ የሚቆርጠውን ስስ ምላጭ ገበያ ባወጣበት በ1903 እ.ኤ.አ. የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መላጫው ብቻ ከ90,000 አለፈ። የጂሌት ታላቅ ሐሳብ ተጠቅመው የሚጥሉት ምላጭ ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊት እናትን አላማከረም። እሷ ዘንድ ምላጭ ሥራ የሚጀምረው ከጺም ጡረታ ሲወጣ ነው፦ እርሳስ ይቀርጻል፣ ስፌት ይፈታል፣ ጥፍር ይቆርጣል፤ በመጨረሻም ለሁለት ተሰብሮ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ምናልባት ይፈለግ እንደሆነ ተብሎ መስኮት ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።

ተላጪው ፀጉር ቤቱን ለምን እንደተወ ቢጠየቅ አንዳንዴ ጤናን ያነሣል። ስለታም ነገሮችን በጋራ ስለ መጠቀም የሚወራውን የኤች አይ ቪ ትምህርት ያልሸመደደ ተማሪ የለምና ይህ ያስኬዳል። ብዙውን ጊዜ ግን "ወጪ ለመቀነስ" ይላል። ይህንን መሳቢያውን ከፍቶ ያየ ሰው አያምነውም።

መሳቢያው ውስጥ ከታች ከሰፈር ሱቅ የተገዛው የፕላስቲክ መላጫ አለ። ከላዩ የአክስት ልጅ ከዋሽንግተን ያመጣለት፣ ጀርመን ዞሊንገን የተሠራ፣ በር ቢመቱበት የሚበቃ የብረት መላጫ ተጋድሟል። የብረቱ መላጫ ተራ ሳሙና አይመጥነውም ተባለና ልዩ ሳሙና ተገዛ። ልዩው ሳሙና በእጅ አይመታም ተባለና ብሩሽ መጣ። ብሩሹ መምቻ ስለሚያስፈልገው ከረከቦቱ ላይ አንድ ስኒ ጎደለ፤ የጎደለው ስኒ የተገኘው ቡና ሊቀዳበት ሲል ነው።

በብሩሹ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ርካሹ ዓይነት ከአሳማ ጠጉር ይሠራል። ይህ ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወራት ቆይቶ ነበር፤ አንብቦ ጮክ ብሎ የተረጎመው አምስተኛ ክፍል የገባው ልጅ ነው። በክርስቲያንም ሆነ በሙስሊም ቤት የዚህ ውሳኔ አንድ ነው፤ ብሩሹ በዚያው ቀን በፌስታል ተይዞ ወጣ። ውድ የሚባለው ደግሞ ባጀር ከተባለ አውሬ የተሠራ ነው። አውሬው ምን እንደሆነ በቤቱ የሚያውቅ ስለሌለ እስካሁን አልተከለከለም።

ወደ ጥበቡ ስንመጣ፣ ባለሙያ ነን ባዮች የሚሰጡት ምክር አብዛኛው ጺሙ ቀጥ ላለ ሰው የታሰበ ነው፦ መጀመሪያ ቁልቁል፣ ቀጥሎ አግድም፣ በመጨረሻ ሽቅብ። ከርዳዳ ጺም ሽቅብ ተላጭቶ ከቆዳ በታች ከተቆረጠ ሲያድግ ታጥፎ ወደ ቆዳው ይመለሳል፤ አንገት ላይ ብጉር መስሎ የሚወጣው እሱ ነው። ሦስትና አምስት ስለት የተደረደረባቸው ውድ መላጫዎችም ነገሩን ያብሱታል፤ ፊተኛው ስለት ስቦ ያወጣውን ኋለኛው ከሥሩ ይቆርጠዋልና። ለከርዳዳው የሚበጀው ጺሙን በሙቅ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ አለስልሶ፣ በአንድ ስለት፣ ወደ አበቃቀሉ፣ ሳይጫኑ መላጨት ነው። ለዚህ ደግሞ መሳቢያ አያስፈልግም።

"ምላጩ ገና ነው" የሚለው የቤት ውስጥ ክርክርም መልስ አግኝቷል። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከብረቱ 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልሰው ጺም የምላጩን ጠርዝ እንደሚሸራርፈው አሳይተዋል። ምላጩ ገና አይደለም።

ተላጪው ይህን ሁሉ እያወቀ ይጫናል። ሲጫን ይቆረጣል። ሲቆረጥ ሶፍት ይለጥፋል፤ እዚህ ላይ ከዋናው ጉዳይ ደረስን።

ሶፍቱን ስለ ምን ለጠፈው? ደም ለማቆም። አንድም፦ ሸሚዙ ነጭ ስለሆነ። አንድም፦ "ፀጉር ቤት ብትሄድስ?" ብላ የነበረችው ሚስቱ ጉዳቱን በሙሉ እንዳታየው። አንድም፦ እጁ ላይ ሌላ ነገር ስላልነበረ። የመጨረሻው ሐተታ ደካማ ቢመስልም የሚጸናው እሱ ነው።

በመጠኑ ሲታይ ሶፍት የጤፍ፣ የምስርና የባቄላ ተብሎ ይከፈላል። የጤፉ የሊቅ ሥራ ነው፤ ከጥጉ ተቀድዶ፣ በጣት ጫፍ ተሸብልሎ፣ አንዴ ተነክቶ ይተዋል። የባቄላው ድንጋጤ ነው። በቦታ ከሆነ የጉንጩ ጨዋ ነው፣ የማንቁርቱ ባለቤቱ በተናገረ ቁጥር ይወጣል ይወርዳል። የላይኛው ከንፈር ሶፍት ሲስቁ ስለሚወድቅ፣ የለጠፈው ሰው እስከ ረፋድ ድረስ ቁም ነገረኛ ነው።

ጥልቁ ምሥጢር ግን ያለው በማንሻው ሰዓት ነው። ቸኩሎ የሚያነሣ የረጋውን ደም አብሮ ስለሚነቅል ቁስሉ እንደገና ይከፈታል፤ በዚህ መንገድ ጤፉ ምስር፣ ምስሩ ባቄላ ሆኖ ያድጋል። ብልሁ በውሃ አርሶ ነው የሚያነሣው። ሦስተኛው ወገን ከነጭራሹ ይረሳዋል። ይህኛው ሶፍቱን ይዞ ታክሲ ይሳፈራል፤ ረዳቱ ሂሳብ ሲቀበለው አገጩን አይቶ ዝም ይላል። ቢሮ ሲገባ ጥበቃው ሰላም ብሎ ዝም ይላል። ስብሰባ ላይ ስለ ሩብ ዓመት ዕቅድ አጥብቆ ሲከራከር አሥር ሰው አገጩን ያዳምጣል፤ አንድም የሚነግረው የለም። ይሉኝታ በዚህች አገር የምላጭ ደም ከሚያቆመው ከአሉም ድንጋይ ይልቅ ቁስል ሸፍኗል። ደፍሮ የሚነግረው፣ ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ያው የአሳማውን ጉዳይ ያወጣው ልጅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ቀጣይ ክፍል ከመላጨት በኋላ ስለሚቀቡ ሽቶዎች ሊሆን ታስቦ ነበር። ያቃጥላሉ። ከዚያ የሚከተለው ስለ ፎጣ ነበር፤ ቀርቷል።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትዎ የሚላጩ ከሆነ ያለቀውን ምላጭ መስኮት ጠርዝ ላይ አያስቀምጡ፣ እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥም አይጣሉ። ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ከተው፣ አፉን ደፍነው ይስጡ። በየበሩ እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሰዎች ማዳበሪያውን የሚያነሡት በእጃቸው ነው።